ያልያዘው ክትባት

ባዩ ያን ቀን አፉን ሞልቶ ባይናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን ማን ሊይዘው? ጭቃ ሹም ነው፤ አገሬው ተሰብስቦ ያየዋል፤ ሰው ሲያየው ደግሞ ድምፁ ከወትሮው ይወፍራል። ከገበያው ዳር ካለችው ሾላ ሥር ቆሞ፣ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ እንዲህ አለ፦

«መሻገሪያው ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል! የስማዳ ሰው ወደዚህ፣ የእኛ የእስቴ ሰው ወደዚያ አይሻገርም። የገዛ ልጄ ካሣነሽ ብትመጣ እንኳ አላሳልፋትም። ባሳልፋት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ነገሩ ፈንጣጣ ነው። ከወንዙ ማዶ ካሉት የስማዳ መንደሮች ገብቷል ተባለ። ወዲያው ከበላይ ትእዛዝ ወረደ። መሻገሪያው በእሾህ ይታጠር፤ ተደብቆ የተሻገረ ይታሰር፤ ማለፍ የሚችለው የመንግሥት ክትባት ተወግቶ ክንዱ ላይ ቁስል ወጥቶ የያዘለት ሰው ብቻ ነው። ለተከተበም ሁሉ አንዳንድ ሳሙና ይሰጠዋል።

ጉድ ያፈላው ሳሙናው ነው። ከመካነ ኢየሱስ በእግሩ የመጣው ወጣት ከታቢ መርፌውንና ሳሙናውን ጎን ለጎን ቢዘረጋ፣ ሰዉ መርፌውን ትቶ ሳሙናውን ተጠራጠረ። «ደህና ነገር ቢሆን ጉቦ ምን አስፈለገው?» ያለው ብዙ ነው። ቄስ ሞላም ጃኖአቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጥምቀት ደጃችን ላይ ነው። ደሙ የፈሰሰ ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። መንደሩን ሁሉ ስትወጋብኝ ታቦቱን ማን ሊያጅብልኝ ነው?»

«እንግዲያ እርስዎ ከጥምቀት በኋላ ይወጉ፣ አባ» አለ ኢሳ። ጨውና አቡጀዲ ነጋዴ ነው፤ ገበያው ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፈትቷል። «እኔ ግን ዛሬውኑ ልወጋ ነው። ማዶ ያለው ደንበኛዬ እንደሆነ ያለ ጨው ወጥ እየበላ ነው።»

ሰው ሳቀ። ኢሳ ሚስቱን ሁሪያን አስከትሎ መጀመሪያ ተወጋ። ከዚያ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያለ ሌላውም ቀረበ። ጥቂት ብልጦች ሳሙናዋ ጣፍጣቸው ሌላውን ክንዳቸውን ገልጠው እንደገና ሲሰለፉ ከታቢው እየሳቀ መለሳቸው።

ባዩ ግን ክንዱን አልሰጠም። መዝጋቱን ወደደ፣ መወጋቱን ጠላ። ለዚህ ምክንያት ነበረው፤ ሰውም ስለሚያውቅለት አላስጨነቀውም። የመጀመሪያ ልጁ ወንድ ነበር። ፈንጣጣ በዚያኛው ጊዜ ሲመጣ፣ እንደ አገሩ ልማድ ከታመመ ሰው ቁስል መግል ተወስዶ የልጁ ክንድ በመርፌ ተጫረ። ይጠብቀዋል የተባለው ያው ነገር ልጁን ይዞት ሄደ። ባዩ መቃብሩ ላይ ቆሞ፣ ቤቴ ሁለተኛ መርፌ አይገባም ብሎ ማለ። ቀጥላ የተወለደችውን ሴት ልጅ ካሣነሽ አላት፤ ለሄደው ካሣ መሆኗ ነው።

እንግዲህ ያቺ ካሣነሽ ናት አምና ስማዳ የተዳረችው። አሁን እርጉዝ ናት። የበኩር ልጅ ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ባዩ ራሱ ከጥምቀት በኋላ በቅሎ ጭኖ ሊያመጣት ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሾላው ሥር ያን ሁሉ ሲናገር ግን ምን ነካው? ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ያ ቀጠሮ ትዝ ያለው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ውብነሽ ገብስ ትፈጫለች። ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

«ለማን ነው?» አላት።

«ለልጄ። ለአራስ ገንፎ።» ቀና አላለችም። «እሾህህ ገብስ አይከለክልም መቼም።»

ውብነሽ ነጠላዋን ግንባሯንም አፍንጫዋንም ሸፍና የምትከናነብ ሴት ናት። ከዓይኗ በቀር የሚታይ የላትም። በልጅነቷ ፈንጣጣ ወርዶባት ከሞት ተርፋለች፤ ጉንጯንና አገጯን ግን እንዳልነበረ አድርጎት ሄዷል። ገና ሙሽራ ሳለች አንድ አዝማሪ በስሟና በፊቷ ገጥሞ ሊያስቅ ቢሞክር፣ ባዩ ማሲንቆውን ነጥቆ አናቱ ላይ ሰበረበት። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንደር ስለ ውብነሽ ፊት የተናገረ ሰው የለም። ዝምታው የመንደሩ ጨዋነት ሆነ፤ ልጆች እንኳ ሳይነገራቸው ተማሩት። ባዩም ለራሷ አንድ ቀን ተናግሯት አያውቅም። ማታ ነጠላዋን አውልቃ እሳት ዳር ስትቀመጥ የሚያየው የሚወዳትን ሴት ነው፤ ውብነሽ ብሎ ሲጠራትም ከልቡ ነው።

ጥምቀት ደረሰ። በደህናው ዘመን የወዲህና የወዲያ ማዶ ታቦታት እዚያው መሻገሪያው ላይ አንድ ላይ ያድሩ ነበር። ዘንድሮ ግን የስማዳው በማዶ ዳር፣ የእስቴው በወዲህ ዳር ቆመ። ወንዙ በጥር ምን አለው? ቁርጭምጭሚት እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ያ ነው አንጀት የሚበላው። ሙላት ቢሆን ሰው እግዜርን አማርሮ ይጽናና ነበር፤ ይህ ግን ልጅ ዘሎ የሚያልፈው ውሃ ነው፣ ያገደውም የባዩ እሾህ ነው።

ካሣነሽ ከማዶ ካሉት ሴቶች መካከል ወጥታ ውሃው ጫፍ ድረስ መጣች። ሆዷ ገፍቷል። ነጠላዋን ከፈት አድርጋ ለእናቷ አሳየቻት። ውብነሽ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ድምፁ ግን ልቅሶ ሆኖ ወጣ።

«አባየ!» አለች ካሣነሽ። «መቼ ነው የምትወስደኝ?»

ባዩ በትሩን ተደግፎ ቆመ። ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ይህን ጊዜ ግን ድምፁ አልወፈረም። እጁን ብቻ አነሣላት። እሷም አነሣች። ከበሮው ተመታ፣ ታቦቱ ተነሣ፣ ሴቶቹ ልጅቱን ይዘዋት ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ውብነሽ አንድ ነገር አሰበች። ባዩ ምን እንዳሰበች ያወቀው ቆይቶ ነው። እሱ መሻገሪያው ላይ ሲውል እሷ ተደብቃ ከከታቢው ዘንድ ሄዳ ተወግታ ኖሯል። ክትባቱ ይይዝልኛል፣ ክንዴ ላይ ቁስሉ ይወጣል፣ እሱን አሳይቼ ወደ ልጄ እሻገራለሁ ብላ። ከታቢው እርጉዝ አልወጋም ስላለ ካሣነሽ ወዲህ የምትመጣበት መንገድ የለም። ክትባቱ ግን አልያዘም። ደገማት፤ አሁንም አልያዘም። ክንዷ እንደ ተወለደች ንጹሕ ነው።

«እንቢ አለኝ» አለችው ለባዩ፣ ማታ ክንዷን ገልጣ እያሳየችው። መሐላውን አፍርሳ መወጋቷን ሊቆጣ እንኳ ልብ አላገኘም።

ለምን እንቢ እንዳላት ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ፈንጣጣ አንዴ የጎበኘውን ሰው ደግሞ እንደማይነካ በአገሩ የማይታወቅ ነገር አይደለም፤ የታመመ የሚያስታምመው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ክንዷ ላይ ምልክት የፈለገችው ፊቷን ላለማሳየት ነው። ከታቢው ከዓይኗ በቀር አላየም፤ የጭቃ ሹም ሚስት ገለጥ በይ ማለትንም አፍሯል። መንደርተኛው ያውቃል፣ ግን ጨዋ ነው፣ አይናገርም። ባዩ አንድ ቃል ቢናገር መንገዱ ይከፈት ነበር። አልተናገረም። ስለ ክብሯ ነው ይል ነበር ለራሱ። ከክብሯ በታች ግን ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ለራሱም አልነገረውም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከማዶ ጥሪ ተሰማ። የካሣነሽ ባል ነው፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጮኻል።

«አያ ባዩ! እናቴን ያዛት! ፈንጣጣው እናቴን ያዛት! ካሣነሽ ለብቻዋ ጎጆ ናት፣ ቀኗም ደርሷል! ሴት የሚጠጋት የለም!»

ባዩ ወደ ሾላው ሮጠ። ሰው ተሰበሰበ። እሾኩን በልጁ ስም አጥብቆ ያጠረው ሰው፣ አሁን ያንኑ እሾህ ለማስነሣት ቆመ። ቄስ ሞላ ግን ከመናገር አልተመለሱም።

«ባዩ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ያልከው እኮ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ፣ አባ።» አንገቱን ደፋ። «ልጄ ትምጣ አላልኩም። እናቷ ትሂድላት ነው የምለው።»

«አይሆንም» አለ ከታቢው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ፊቱ ቅጭም ብሏል። «ሁለት ጊዜ ወግቻታለሁ፣ አልያዘላትም። ያልያዘለትን ሰው ፈንጣጣ ቤት ብሰድ ገደልኳት ማለት ነው። እንደሷ የሚያሳዝነኝ የለም፣ ግን አይሆንም።»

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ኢሳ ጉሮሮውን ጠረገና ተወው። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አገላበጡ። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ባዩን ይጠብቃል፤ ባዩ ምላሱን ነክሶ ቆሟል።

ይኼኔ ውብነሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። መሀል ድረስ ሄዳ ከከታቢው ፊት ቆመችና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣለችው። የረፋዱ ፀሐይ ፊቷ ላይ ወደቀ።

«ይኸው፣ ሐኪም። ክንዴ እንቢ ያለህ ለዚህ ነው።»

ከታቢው ቀረብ ብሎ አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እናቴ፣ ይህን ለምን ቀድመው አልነገሩኝም? ለእርስዎ እኮ መርፌም አያስፈልግዎት። ከእኔ የበለጠ የተጠበቁ እርስዎ ነዎት።»

«ማን ይንገርህ?» አለች። ዞር ብላ አገሬውን አየችው፤ ባዩንም። «ይህ ሁሉ ሰው ጨዋ ነው!»

ማንም ቀና አላለም። ይሂዱ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ግን በልብስም በእቃም ሊመጣ ይችላል ብለው ቁርጡን ነገሯት፤ መሄድ ትችላለች፣ በሽታው ከማዶ ጨርሶ ሳይጠፋ ግን አትመለስም። ወሩ ይሁን መንፈቁ አይታወቅም።

«እሺ» አለች፣ ሳታስብ።

የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ተሸክማ መሻገሪያው ላይ ስትደርስ እሾኩን በእጁ ያነሣላት ባዩ ነው። ወጋው፤ አላስተዋለውም።

«ተከናነቢ እንጂ፣ ፀሐይ ነው» አላት።

«ከእንግዲህ ማንን ልፈር?» ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ባዩ፣ መንገዱን ታውቀው ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

ስለ ክብርሽ ሊል ነበር። ዓይኗን ሲያየው ውሸቱ እንቢ አለው።

«እንዳትሄጂብኝ ነው» አለ።

እሾህ የወጋውን መዳፉን ይዛ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና ውሃውን ተሻገረች። ማዶ ወጥታ ዞር አለች። ያን ፊት በቀትር፣ በሜዳ፣ ከሩቅ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ከዚያ አቀበቱ ሰወራት።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ወፍጮው ላይ ያልተፈጨ ገብስ ቀርቷል፤ ባዩ አላነሣውም፣ ስትመጣ ትጨርሰዋለች ብሎ። ማታ ማታ እሳት ዳር የሚያየው ፊት አጣ። እዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ሲኖር የናፈቀው ነገር አልነበረም፤ አሁን የሳሏ ድምፅ እንኳ ናፈቀው። ካሣነሽን ናፈቀ። የሚወለደውንም፣ ገና ሳያየው ናፈቀ።

አንድ ማለዳ ወደ ልጁ መቃብር ሄዶ ጥቂት ቆየ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ከታቢው ወርዶ ክንዱን ገለጠ።

«ውጋኝ።»

ከታቢው ቀና ብሎ አየው፣ ምንም አልጠየቀም። ወጋውና ሳሙናውን ሰጠው። ባዩ ይህን ሳሙና ስንት ቀን ሲሳለቅበት ከርሞ፣ አሁን አሽትቶ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ለአራስ ልጅ ልብስ ማጠቢያ ይሆናል አለ።

ከዚያ ወዲያ መሻገሪያው ላይ ሲቀመጥ ክንዱን ነው የሚያየው። ቀላ? አበጠ? ኢሳ የራሱን ጠባሳ እያሳየ ያጽናናዋል፤ ባዩም ያንን ጠባሳ እንደ ሹመት ያየዋል።

አንድ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከማዶ አቀበት ላይ እልልታ ተሰማ። ባዩ ብድግ አለ። ውብነሽ ናት፣ ፊቷን እንደገለጠች፣ በነጠላዋ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ወደ ውሃው ትወርዳለች። ከዳሩ ሳትደርስ ቆመች፤ እሱም ከእሾኩ ወዲህ ቆመ። ጥቅልሉን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ሴት ናት!» አለች። «ካሣነሽም ደህና ናት!»

ባዩ እንባው መጣበት። የሚያሳያት ነገር ሲፈልግ እጀታውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ክንዱን ወደ ላይ አነሣ።

ውብነሽ ዓይኗን አጥብባ አየች። ገባትና ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ያዘልህ ወይ?» አለችው።

«ገና ነው!» ብሎ ጮኸ ባዩ። «ግን እያሳከከኝ ነው! ውብነሽ፣ እያሳከከኝ ነው!»