የቅዳሜው ስልክ

ልጅቷ ዶክትሬቷን ከያዘች በኋላ ሦስት ዓመት የለፋችበትን የወባ ክትባት በሰው ላይ ለመሞከር፣ ያን ቀን በአራት ሰዓት የፈቃድ ኮሚቴው ፊት ትቀርባለች። እናቷ ደግሞ ከነጋ ጀምሮ ክፉ ክፉውን ስታስብ ቁርሷንም አልቀመሰችም።

«እስቲ እንደ ኮሚቴው ሆነሽ ጠይቂኝ እማዬ» አለቻት ልጅቷ ጫማዋን እያሰረች። «ካንቺ የባሰ ፈሪ እዚያም አይገኝም።»

«ሳቂ አንቺ! መብራት ጠፍቶ ክትባቱ ቢበላሽስ?»

«ጄኔሬተር አለን።»

«ተወግቶ ዘጭ የሚል ቢኖርስ?»

«ግማሽ ሰዓት ሐኪም አጠገቡ ሆኖ ይጠብቀዋል።»

እናት ለሁሉም መልስ መገኘቱ ደስ ቢላትም ልቧ አላረፈም። መነጽሯን አድርጋ ተከታቢዎቹ ወደ ቤት ይዘውት የሚሄዱትን ወረቀት አነሳች።

«ይሄ ስልክ የማነው?»

«የቤተ ሙከራው።»

«እና ቅዳሜ ትኩሳት ቢያንዘፈዝፈው ማን ያነሳለታል? ዘበኛው?»

የልጅቷ እጅ የጫማዋ ማሰሪያ ላይ ቀረ። ቅዳሜ ቤተ ሙከራው ዝግ ነው። በሦስት ዓመት ሥራ ውስጥ ይህን ያየ ሰው አልነበረም። ወዲያው ላፕቶፗን ከፍታ የራሷንና አብራት የምትሠራውን ነርስ የእጅ ስልክ ቁጥር ጨመረች፤ ወረቀቱንም እንደገና አትማ እየሮጠች ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«ፈቀዱልን እማዬ! ሰኞ እንጀምራለን።»

እናት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ድሮስ ማን ሊከለክልሽ!» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። «እኔ እንደሆን ለአንድ ደቂቃም አልተጠራጠርኩም።»