የተቋረጠው ክርክር

ብስክሌት ጠጋኙና ሴት ልጁ ሳይከራከሩ የዋሉበት ቀን አልነበረም። በጠባቧ ሱቅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እጃቸው ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ ስለ ኳሱም ስለ ዝናቡም ይሟገታሉ። ደንበኛው ቆሞ ይስቅባቸዋል።

«ይቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ሲገባት እግዜር እኔ ላይ ጣላት» ይላል አባት።

«አንተንስ ማን ይረታህ ነበር?»

ራስ ምታት ግን አይለቃትም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንሰለት ይቀየር አይቀየር ብለው ድምፃቸው ጣሪያ ሲነካ፣ ነሰራትና ተዝለፍልፋ ወደቀች። ጤና ጣቢያ የደም ግፊቷን ሲለኩት ለሃያ ዓመት ልጅ ቀርቶ ለሽማግሌም የሚያስፈራ ሆነ። ሐኪሙ ክኒን አዘዘላትና አባቷን «እንዳያናድዷት» አለው።

አባት ይህችን ቃል እንደ መሐላ ያዛት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ለምትለው ሁሉ መልሱ «እሺ ልጄ» ሆነ።

እሷ ግን ዝምታውን አልቻለችውም።

«አባዬ፣ ይሄን ጎማ የጠገንከው ለይስሙላ ነው።»

«ልክ ነሽ ልጄ።»

«እንግዲያው በሙያ እበልጥሃለሁ!»

«ትበልጫለሽ እንጂ።»

አንድ ጊዜማ «እባክህ ስደበኝ» ብላ ለመነችው። ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ። ክኒኑ ግፊቱን አላወርደው ባለ ቁጥር እሱም ይበልጥ ዝም አለ። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ በመጨረሻም ጉንፋን ነው ብሎ የናቀው ሳል ሳንባ ምች ሆኖ ወሰደው።

ካረፈ በኋላ፣ ሌላ ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ግፊት ያለ ምክንያት አይመጣም» ብላ ኩላሊቷን ሲቲ ስካን አስነሳቻት። የግራው ከቀኙ ያንሳል፤ አንዱ ጎኑም ተሰርጉዷል።

«ይሄ ክፍል ከተፈጥሮሽ ሳያድግ የቀረ ነው» አለቻት ሐኪሟ። «ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ግፊቱን የሚያንረው ከዚህ የሚመነጭ ነገር ነው።»

«ንዴት አይደለም?»

«ንዴት ለጊዜው ከፍ ያደርገው ይሆናል እንጂ በሽታውን አላመጣውም።»

«የወደቅኩት እኮ ከአባቴ ጋር ስከራከር ነው።»

«ባትከራከሪም አንድ ቀን መውደቅሽ አይቀርም ነበር።»

የታመመው ኩላሊት በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ግፊቷም ወረደ። ጠያቂው «እንኳን ማረሽ» ብሎ ሲወጣ እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አባትሽ ጥፋቱ የኔ ነው ይል ነበር» አለቻት። «ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሊሄድ ሲል 'ዛሬንም አፌን ያዝልኝ' ብሎ ይጸልያል።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ ደግሞ የሰለቸሁት መስሎኝ ነበር፣ እማዬ።»

አገግማ ሥራ ስትጀምር እናቷ ሱቅ መጥታ በአባትየው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልጇን እያየች ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይሄ ፍሬን አልጠበቀም።»

«ጠብቋል።»

እናት ፍሬኑን ነካ ነካ አደረገችው። እንደ ባሏ መሟገት ግን አላወቀችበትም።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች።

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙም አልቆየም።