ምሰሶ ሰባት

አይ፣ ምንም የለም፣ ዝም ብዬ ነው እንዲህ የምሸበረው፣ ልጄ እየጨፈረች ነው፣ ካሜራው ይዟታል፣ ፊልም ቀራጩ ከዚች ነጭ መስመር እንዳታልፊ እናትዬ ብሎኛል፣ እሷም እማዬ እንዳታሳፍሪኝ ብላኛለች፣ የፈቃዱን ወረቀትም ፈርሜያለሁ፣ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ፣ ቀ ረ ጻ ሲ ጀ መ ር፣ የቀረውን ሳላነበው ፈረምኩ፣ ሰው ቆሞ ሲጠብቀኝ ላብ ያጠምቀኛል።

አራት ዓመት ሸምኜበታለሁ እኮ፣ እዚሁ የፋብሪካው አዳራሽ፣ ማሽኖቹ ተነቅለው ሲሄዱ ግን የቱ የት እንደሆነ ጠፋብኝ፣ ጠዋት ጠረግኩ፣ የጥጡ ብናኝ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል፣ ሁሉም ወለል መሰለኝ፣ የምትጨፍርበትን ጥቁር ምንጣፍ ጫፉን ይዤ አብሬ ዘረጋሁ።

በገዛ እጄ።

አሁን ፀሐይዋ በተቀደደው ጣሪያ ገብታ ምሰሶው ላይ አረፈች፣ ቀይ ቀለም፣ ሰባት። ቁጥር እንኳን አይጠፋኝም። ከሰባት በስተግራ የቀለም ውሃ የሚወርድበት ጉድጓድ ነው፣ ከምንጣፉ ሥር ሳንቃ ብቻ ነው ያለበት፣ እኛ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የምንሄደው፣ የረገጠችው ሰማያዊ ሆና ነው የምትወጣው እያለ አለቃችን ያስቀን ነበር፣ ያኔ ሳንቃው አዲስ ነው።

ሁለት እርምጃ ቀራት።

ብጮህ አትሰማኝም፣ ሙዚቃው እንደ ማሽኖቹ ጆሮ ይደፍናል፣ ብሮጥ ደንግጣ ወደ ኋላ ነው የምትሸሸው፣ ኋላዋ ደግሞ ጉድጓዱ ነው። እሱ ነው። እጅ፣ በእጅ፣ እኛ ሸማኔዎቹ በዚያ ጩኸት ውስጥ በእጅ ነበር የምናወራው፣ ሁለት እጅ አናት ላይ ማለት አቁሚ፣ ክር ተበጥሷል፣ ቤትም ታናሽ ወንድሟ ሲተኛ የማወራት በዚሁ ነው፣ እጄን አናቴ ላይ ጫንኩ፣ ሬሳ የወጣባት እመስላለሁ፣ ልምሰል፣ እዪኝ፣ የኔ እናት፣ ዙሪና እዪኝ።

አየችኝ።

ቆመች፣ ሳንቃው ጠርዝ ላይ ደርሳ፣ አንድ እግሯ አየር ላይ፣ እጆቿን አናቷ ላይ አድርጋ መለሰችልኝ፣ ሙዚቃው ተቋረጠ፣ ፊልም ቀራጩ ያጨበጭባል፣ ግሩም፣ ይቺን ከየት አመጣሻት፣ እንድገማት፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በይ ጎበዝ።

እንዳትነቃነቂ እላለሁ፣ ድምፄ ቀጭን ነው፣ መስመሩን አልፌያለሁ፣ ሴትዮ ውጪ ይለኛል፣ ግድግዳ ግድግዳውን እሄዳለሁ፣ እጄን ከአናቴ አላወርድም፣ እኔ ካላወረድኩ እሷም አታወርድም፣ የቆመችበት ምንጣፍ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰረጉዳል።