አስተዳዳሪሽን አነጋግሪ

እንደገና ልሞክረው እንጂ፣ ምናልባት የተሳሳተው የኔ ጣት ነው፣ ዳይፐር ሲቀይር የከረመ ጣት፣ የመካነ ብርሃንን መስመር እመርጣለሁ፣ አዲሱን ማሽን ፍቀድ እላለሁ፣ አስቀምጥ የሚለውን እጫናለሁ፣ ያው። ያው ቀይ ጽሑፍ። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ግን በአማርኛ ነው የምሰማው፣ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚናገረኝ ያህል፣ ፈቃድ የለሽም፣ አስተዳዳሪሽን አነጋግሪ። የትኛዋን አስተዳዳሪ? አስተዳዳሪዋ እኮ እኔ ነኝ፣ እኔ ኑራ፣ የዚህን የእናቶች ክሊኒክ ኔትወርክ ከዚህ ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ እስከ መካነ ብርሃን ቅርንጫፍ ድረስ የዘረጋነው እኔና ደምለው ነን፣ ዛሬ ከወሊድ ፈቃድ መመለሴ ነው፣ ገና ጃኬቴን እንኳ አላወለቅኩም፣ ከፈቃድ መልስ ፈቃድ የለሽም። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቃል።

ዶክተር ሰይፈ ሥላሴ ከኋላዬ ቆመዋል፣ የክሊኒኩ ኃላፊም ሐኪሙም እሳቸው ናቸው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ በስልኩ ውስጥ የትናየት አለች፣ የመካነ ብርሃኗ አዋላጅ ነርስ፣ ድምጿ ይቆራረጣል፣ ዶክተር የነፍሰ ጡሯ ደም አልቆመም፣ ሕመም ግን የለኝም ነው የምትለው፣ ስምንት ወሯ ነው፣ በአዲሱ አልትራሳውንድ አንስቻታለሁ፣ ምስሉ ግን አልሄድ አለኝ፣ እሳቸውም ቆይ የትናየት፣ በእጅሽ እንዳትመረምሪያት፣ የእንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ዘግቶት ከሆነ መነካካቱ ይገድላታል፣ ምስሉን ልየው መጀመሪያ፣ ኑራ ምን ደረሰ? እየሞከርኩ ነው ዶክተር። ዘግቶት ከሆነ በመኪና ተጭና መጥታ እዚህ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት፣ ካልዘጋው ግን እዚያው ብትቆይ ይሻላል፣ ያ መንገድ ራሱ ይጎዳታል፣ ሲያንገጫግጫት፣ ሲያነሳ ሲጥላት። ያ አላህ። በስልክ ዳታ ይላክ እንዳይባል መካነ ብርሃን ዳታ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ያለው የኛ አንቴና ብቻ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ የተተከለው እኔ ሳልኖር ነው፣ የኔትወርኩ ደንብ አያውቀውም፣ የማያውቀውን ዕቃ አያሳልፍም፣ እንዲህ እንዲሆን ያደረግነው እኛው ነን፣ የታካሚ ምስጢር እንዳይወጣ ብለን። የሚጠበቅብኝ አንዲት መስመር ጨምሮ ይህን ማሽን እወቀው ማለት ነው፣ ሌላ ምንም።

ረጋ በይ ኑራ። ሰው ደውሎ አልሠራ አለኝ ሲልሽ የምትጠይቂውን ራስሽን ጠይቂ። ፕሮግራሙን እንደ አስተዳዳሪ ከፈትሽው? ከፈትኩት። ወጥተሽ ገባሽ? ወጣሁ ገባሁ። የይለፍ ቃሉስ፣ ተቀብሎኛል፣ ስሜንም ጽፎ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎኛል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከሰርቨሩ ተዛብቶ እንዳይሆን፣ አልተዛባም። በካርድ ክፍሉም ኮምፒውተር ሞከርኩት፣ ያው። ማየት እችላለሁ እኮ፣ ደንቦቹን ሁሉ አያቸዋለሁ፣ ራሴ የጻፍኳቸውን፣ መንካት ነው ያቃተኝ። እንግዲህ የቀረው ሰርቨሩን ማን ብለህ ነው የያዝከኝ ብሎ መጠየቅ ነው፣ ትእዛዙን እጽፋለሁ፣ ይመልስልኛል። ኑራ፣ ተመልካች።

ተመልካች።

አስተዳዳሪዎች በሚለው ቡድን ውስጥ የለሁም። እዚያ ያለው አንድ ስም ነው፣ ደምለው።

ስሕተት ነው፣ አዲስ ነገር ሲጫን ስሜ ወድቆ ይሆናል፣ ያጋጥማል፣ ደምለው አያደርገውም፣ ደምለው እኮ ጎንደር ስንማር አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጋፍቼው የተማርኩ ልጅ ነው፣ ዳባት ተራራው ላይ አንቴና ስንተክል ነፋሱ ሊጥለኝ ሲል በጃኬቴ ይዞ ያስቀረኝ፣ ሰሀርን ስወልድ በግ በባጃጅ ጭኖ የመጣ፣ እኔ ያረድኩትን አትበሉም ብዬ ነው፣ እናንተው እረዱት ብሎ ከነሕይወቱ ያስረከበን፣ ባሌ ሙጂብ በጉ እንደ ተሳፋሪ አንገቱን አውጥቶ ገባ እያለ ስንት ቀን ሳቀ። እሱ አያደርገውም። ጡቴ ሞልቶ ይወጥረኛል፣ ሰሀር እናቴ ዘንድ ነቅታ ይሆናል፣ አሁን አይደለም፣ አሁን ሴትዮዋ።

ኑራ ልጄ፣ ይላሉ ዶክተር፣ ምንድን ነው ችግሩ? ፈቃድ ከለከለኝ ዶክተር፣ አስተዳዳሪ አይደለሽም ይለኛል። ታዲያ ትተሽው የለም እንዴ? ምኑን? ኃላፊነቱን፣ አንቺው ጠይቀሽ ነው ብሎ ደምለው ነገረኝ እኮ። ስልኩን በእጃቸው ይሸፍኑታል፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ የሚያባብሉት ዓይነት ድምፅ፣ ስለ ጤናሽም አጫውቶኛል፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴት ላይ የሚደርስ ነው፣ አያሳፍርም፣ ልጇንም ማየት ከብዷታል፣ ቀለል ያለ ሥራ ይሻላታል አለኝ፣ እንደ ወንድም አስቦልሽ ነው።

ልጇንም ማየት።

ይህን አለ። ይህን ለእሳቸው አለ።

አንድ ከሰዓት ነበር፣ ሰሀር አልተኛ ያለች ሰሞን፣ ሙጂብ ሱቅ ነበር፣ ደምለው ደውሎ እንዴት ነሽ ሲለኝ ደህና ነኝ ማለት አቃተኝ፣ ሳያት ምንም አይሰማኝም ደምለው፣ የሌላ ሰው ልጅ የያዝኩ ይመስለኛል፣ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ለሙጂብም አልነገርኩትም። እሱስ ምን አለኝ፣ አይዞሽ ኑሪ፣ እኔ እያለሁ ስለ ሥራ እንዳታስቢ፣ ቦታሽን እጠብቅልሻለሁ። ጠበቀልኝ። ነገሩ እኮ አልፏል፣ እንዴት እንዳለፈ ሳላውቀው አለፈ፣ አሁን ትንፋሿ የቆመ እየመሰለኝ ነው ተነስቼ የማያት፣ ግን አልፎልሻል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፣ ያቺን አንዷን ከሰዓት ይዞ ሄደ። ዶክተርስ ስንት ወር እንዲህ ሲያስቡኝ ኖረዋል፣ የት ነበርኩ እኔ፣ ገንፎ ስበላ። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ሲቀበሉኝ ትከሻዬን መታ መታ ያደረጉኝ ለዚህ ነው፣ እኔ ደግሞ ናፍቀውኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዶክተር! የትናየት ናት፣ በተሸፈነው ስልክ ውስጥ እንኳ ይሰማል፣ ዶክተር ሌላ ጨርቅ ቀየርኩላት።

ይዋል ይደር። ስልኬን አነሳለሁ፣ ደምለው ዳባት ቅርንጫፍ ነው ያለው፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሄሎ ኑሪ! ጀመርሽ አይደል፣ እንኳን ደህና መጣሽ! ድምፁ ያው ነው፣ ምንም አልተለወጠም፣ ይህ ነው የሚገርመኝ። ደምለው የመካነ ብርሃንን አልትራሳውንድ ክፈተው፣ ደንቡ ላይ አስገባው። ስሕተት ቢሆን ኖሮ አንቺስ ለምን አትከፍችውም ይለኝ ነበር፣ አላለኝም። እ... ሲስተሙን ትንሽ አስተካክለነው ነበር ኑሪ፣ ልነግርሽ እያልኩ... ልጮህ እችላለሁ፣ አንተ ማነህ ልለው እችላለሁ፣ አፌ ላይ ነው ያለው፣ ግን የሚጮኹበት ሰው ስልክ ይዘጋል፣ እሷ ደግሞ እየደማች ነው፣ እባክህ፣ እላለሁ፣ እባክህ ደምለው፣ ሴትዮዋ እየደማች ነው፣ የማሽኑን ቁጥር ልንገርህ ጻፈው። እባክህ አልኩት። ቁልፉን ሲመታ ይሰማኛል፣ ታ ታ ታ፣ ጎበዝ ነው ወትሮም እጁ ፈጣን ነው፣ እኔ ያን ሁሉ ስወጣ ስገባ፣ ተከፈተ ይለኛል። ይቺን ታህል ነበረች። ኑሪ ቆይ ላስረዳሽ... ዘጋሁት።

ምስሉ እየወረደ ነው፣ ግራጫ፣ እህል የተበተነበት መሬት የሚመስል፣ እኔ ምንም አይገባኝም፣ ዶክተር ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን ወደ ላይ ያደርጋሉ፣ ጣታቸው ስክሪኔ ላይ ይሄዳል፣ ይቆማል። ዘግቶታል። በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል፣ የትናየት ስሚኝ፣ በጎኗ አስተኝያት፣ በደም ሥሯ ፈሳሽ ስጫት፣ መኪናው አሁን ይነሳ፣ አንቺም አብረሻት ነይ፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ ያዙ፣ ሾፌሩን እንዳትሮጥ በይው፣ እንዳትዘገይም በይው። ሄዱ፣ በኮሪደሩ እየተጣሩ ሄዱ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይዘጋጅ እያሉ።

እኔ ተመልካቿ ቁጭ ብያለሁ። ውጭ የጭነት መኪና ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ሲሄድ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ጭጋጉ ግቢው ድረስ ገብቷል፣ ሻርፔን ወደ ደረቴ እስባለሁ፣ ወተቱ ሸሚዜን አርሶታል፣ ይበርደኛል። ስልኬ ይንጫጫል፣ ኑሪ ላስረዳሽ፣ ኑሪ ላንቺ ብዬ እኮ ነው፣ ኑሪ አንሺ። ኑሪ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው፣ እናቴም እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ዶክተር ተመልሰው መጡ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም። ራስሽ አልጠየቅሽም ማለት ነው? አልጠየቅኩም ዶክተር። ያልኩት አንድ ቀን ከፍቶኛል ነው፣ እሱንም ለጓደኛዬ ነው ያልኩት። አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አሉ፣ ቤትሽ ሁለት እርምጃ ነው፣ መጥቼ መጠየቅ ስችል የሌላ ሰው አፍ አመንኩ፣ ከዚያ እፊቴ ደወሉለት፣ አጭር ነው፣ ደምለው፣ የኑራን ፈቃድ አሁን መልስ፣ ስትጨርስ ወደዚህ ና። ምንም አልጨመሩም። እንዲቆጡልኝ ፈልጌ ነበር? ፈልጌ ነበር።

ወጥቼ እገባለሁ። አስተዳዳሪ ይለኛል። ሁለት ስም፣ የሱ ከላይ የኔ ከታች። አሁን እችላለሁ፣ ስሙን መርጬ አንዲት ቁልፍ፣ ነገ ጠዋት እሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እየወጣ እየገባ፣ እኔን አስተዳዳሪዬ እባክሽ ብሎ ሲደውል፣ ጣቴ እዚያው ነው፣ ይሞቀዋል። ወላሂ ይጣፍጣል። ግን ነገ ሰሀር ብትታመምና ብቀር፣ ወይ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ቢዘጋ፣ ሌላ ሴት ጎኗ ላይ ተኝታ ትጠብቃለች፣ ማን ይከፍትላታል? ደግነት አይደለም ይሄ። እጄን ከቁልፉ አነሳለሁ።

መኪናው ሲገባ ጭጋጉ ተገፏል፣ የትናየት አቧራ ለብሳ ትወርዳለች፣ የሴትዮዋ ፊት እንደ አመድ ነው፣ ዓይኖቿ ግን ያያሉ፣ ባሏ ጋቢውን አጣፍቶ ከኋላ ይሮጣል፣ ደሜን ውሰዱ ሁሉንም ውሰዱ እያለ፣ በሩ ተዘጋ። ማንም ሥራ አይሠራም፣ እኔም ኬብል የማስተካክል መስዬ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ያ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የተናደደ፣ ገና ሲወጡ የሚያለቅሱት፣ ወተቴ ዝም ብሎ ይፈስሳል፣ የማንም ልጅ ትሁን ለሷ ይፈስሳል፣ የትናየት ጭምብሏን አውርዳ ትወጣለች፣ እናትየውም ተርፋለች፣ ሴት ልጅ ናት። ባልየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ይንሸራተታል። አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።

ቢሮዬ ስመለስ ደምለው በሩ ላይ ቆሟል፣ የዳባት ነፋስ ፀጉሩን አቁሞታል። ዶክተር ጋ ገብቼ ነበር ይላል። ተረፈች አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ገብቼ ኮምፒውተሬን አጠፋለሁ። ኑሪ እውነቱን ልንገርሽ፣ በሚመጣው ዓመት ከሁለታችን የሚቀረው አንድ ነው ሲባል ሰማሁ፣ አንቺ ባል አለሽ፣ ሱቅ አላችሁ፣ እኔ እናቴን ይዤ የት እሄዳለሁ ብዬ ነው። እንግዲህ ይህ ነው፣ ላንቺ ብዬ የነበረው ይህ ነው። ይህን ብትነግረኝ እኮ አብረን እናስብበት ነበር ደምለው፣ ቦታውን መውሰድ ፈለግክ እሺ፣ ምስጢሬን ለምን? ለሙጂብ ያልነገርኩትን ለምን? ዓይኑ ውኃ ሞልቷል፣ አውቀዋለሁ፣ ውሸቱን አይደለም፣ ይህ ነው የከፋው፣ ውሸቱን ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሰሀር እንዴት ናት? ይለኛል።

ደህና ናት።

ይጠብቃል። ወትሮ እዚህ ላይ አላቆምም፣ ድምፄን ስትሰማ አንገቷን ታዞራለች፣ የሙጂብን ጢም ይዛ አትለቅም፣ ትናንት ስታስነጥስ ራሷ ደነገጠች፣ ይህ ሁሉ አፌ ውስጥ አለ፣ ይጠብቃል፣ እኔ ቦርሳዬን አነሳለሁ፣ ደህና ዋል ብዬ በጎኑ አልፋለሁ።

ወደ ቤት አልሄድም፣ ወደ ሙጂብ ሱቅ፣ በእግሬ፣ በገበያው በኩል። ደባርቅ ትንሽ ናት። ዶክተር ያውቃሉ፣ የትናየትም ስልኩ ውስጥ ሰምታ ይሆናል፣ ዛሬ ወይ ነገ አንዱ ምስር ሊገዛ ገብቶ፣ ባለቤትህን እንዴት አደረጋት፣ ተሻላት ወይ፣ ሙጂብም ከምኑ? ይላል፣ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አሁን ይታየኛል። ከሰው አይሰማውም። ወላሂ ከሰው አይሰማውም። ሱቁ ክፍት ነው፣ ሚዛኑን እየወለወለ ነው፣ ሲያየኝ ይስቃል፣ መጣሽ እንዴ፣ እንዴት ነበር የመጀመሪያ ቀን፣ ተቀመጪ፣ ሸሚዝሽ ምን ሆነ? እቀመጣለሁ፣ በርጩማው ይንገዳገዳል፣ ሙጂብ፣ ያን አስቀምጠውና ስማኝ፣ ሰሀር የተወለደች ሰሞን፣ አንተ ሱቅ ስትውል፣ እኔ...