የዘመናይ አንደኛ ምርጫ

አቶ ንዋይ ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጡ ወዲህ የማያስተካክሉት ነገር አልነበረም፤ የሰፈሩን ሰዓት፣ የሰፈሩን ሬዲዮ፣ የሰፈሩን ሐሳብ። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ዘመናይ ማትሪክን በአራት ነጥብ ማለፏ የተሰማ ዕለት ደግሞ አንድ ወረቀት ይዘው አያቷ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቤት ከተፍ አሉ። ከቆየ የፈረንጅ መጽሔት የገለበጡት የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ነበር፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ።

«ሠላሳ አንደኛው አዲስ አበባ ነው» አሉ።

«መጽሔቱ ላይ አለ?» አለች ዘመናይ።

«የለም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ይገባዋል።»

«ዓለማያስ፣ ጋሼ?»

«ወረቀቱ አለቀ።»

ልጅቱ በሳቅ ፍርስ አለች። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ግን አልሳቁም። ሠላሳ አንደኛም ቢሆን ቁጥር ነው፤ ቁጥር ወደሌለው ቦታ ልጅ ይላካል? እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ እህታቸው አምባዬም ካዛንቺስ አለችላቸው። የእርሻ ትምህርቱ ያለበት ዓለማያ ግን እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ዳገቱን በመኪና። ብርዱስ? ብትታመምስ ማን ቀና ያደርጋታል? ልጅቱ ደግሞ እርሻ ካልተማርኩ ብላ ሙጭጭ ብላለች።

ክርክር እንደማያዋጣ ስላወቁ ዘዴ ፈጠሩ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋልና የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበትን ፎርም አይፈሩም። በቀበሌው ሱቅ ተሰልፈው የተማሩት ግን ከአራተኛ ክፍሉ ይበልጥ ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቁት ነገር አይገኝም። ስኳር የፈለገ ሰው ሳሙና ብሎ ይጀምራል። «ሳሙና አልቋል» ሲባል፣ «እንግዲያው ስኳሩን ስጡኝ» ይላል።

«በይ የኔ እናት» አሉ፣ «አንደኛ ምርጫሽ ላይ ዓለማያን ጻፊ። አዲስ አበባን ሦስተኛ አድርጊው።»

ዘመናይ ዘላ ጉንጫቸውን ሳመች። እሳቸው አሳዳጊ በሚፈርምበት ቦታ ፈርመው፣ ሰኞ ራሳቸው ለትምህርት ቤቱ ሊያስረክቡት ፎርሙን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ዘዴያቸው ስለያዘላቸው ተደስተው ነበር፤ የተሳመችው ጉንጫቸው ግን ትንሽ አቃጠለቻቸው።

ቅዳሜ ዘመናይ «ዓለማያ የተማረ ሰው ላሳይዎት» ብላ አዳሚ ቱሉ ወዳለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ወሰደቻቸው። ዓለማያ ተምራ እዚያ የምትሠራው ፋዲላ የደራ ከተማ ልጅ ናት። ሲደርሱ ቦቲ ጫማ አጥልቃ ከአንዲት ላም ኋላ ተንበርክካ አገኟት። ጥጃው ተጣሞ አልወጣ ብሏል። ሁለት ጎረምሶች ገመድ ይዘው ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

«ቆይ… ቆይ… አሁን! ቀስ ብላችሁ!»

ጥጃው ዱብ አለ። አፍንጫውን ጠርጋ በጭድ ስትኮረኩረው አነጠሰ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ እልልታ አምልጧቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አካም ጅርቱ፣ እማማ!» አለች ፋዲላ ክንዷን እስከ ትከሻዋ እየታጠበች።

«ደህና ነኝ ልጄ። እኔ የምልሽ፣ ዓለማያ ከዓለም ስንተኛ ነው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። አንደኛ ዓመት ሳለሁ የማውቀው ቁጥር የመኝታ ክፍሌን ብቻ ነበር።» ሳቋን ገታ አደረገችና፣ «አልዋሽዎትም፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ሳመለክት የት እንደተማርኩ ጠይቀውኛል። ያን ጊዜ ስም ይጠቅማል። ጀማሪ ተማሪን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። አስተማሪያችን በየስማችን ይጠራን ነበር። ማለዳ በረት ስንገባ ቀድሞን ይገኛል። በመጽሐፍ ብቻ ተምሬ ቢሆን ዛሬ ላሟንም ጥጃውንም አጥተን ነበር።»

«ብርዱስ?»

«ብርድ አለ። ጋቢ ይስጧት።»

ዘመናይ ጥያቄዋን አዘነበችው፦ ቤተ ሙከራው ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ይከፈታል? መጽሐፍ ለስንት ሰው ይደርሳል? የወደቀ ተማሪን ማን ያስጠናዋል? ወይዘሮ ሸዋወርቅ አፋቸውን ከፍተው ሰሟት። ይህን ሁሉ መጠየቅ ከየት ተማረች? አቶ ንዋይ በዚያ የደረጃ ወረቀታቸው ላይ አንዱን እንኳ አልጻፉትም። እኔስ ይህቺን ልጅ ነው የማታልላት? አሉ በልባቸው።

ሲመለሱ አውቶቡሱ መቂን ሲያልፍ ምስጢሩን መያዝ አልቻሉም። ስኳሩንም ሳሙናውንም ነገሯት። ዘመናይ ረዳቱ ዞሮ እስኪያያት ሳቀች።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ሱቅ አይደለም! አንደኛ ያልነውን ነው መጀመሪያ የሚያዩት። በእኔ ውጤት ደግሞ አይከለክሉኝም።»

«በእውነት ትሄጃለሽ ማለት ነው?»

«እሄዳለሁ።» ከዚያ ሳቋ ጠፋ፤ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ፎርሙ ግን በእርስዎ እጅ ነው። ከከበደዎት አሁኑኑ እቀይረዋለሁ። እያለቀሱ አልሄድም።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ፎርሙን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። እስክሪብቶውን አዩት፤ ልጅቱን አዩ፤ ትንፋሿን ይዛለች። ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሰው አጠፉት።

«ማን አለቀሰ?» አሉ። «እስክሪብቶሽን መልሺ፣ ቀለሙ ልብስሽን እንዳያበላሽ።»

ሰኞ ደወል ሳይደወል በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት መስኮት ሥር ቆመው ነበር። ጸሐፊው ኃይለጊዮርጊስ ፎርሙን ተቀብሎ ከሌሎቹ ላይ ሊደርበው ሲል እጁን ያዙት።

«አንደኛ ምርጫ የሚለውን አንብብልኝ።»

«ዓለማያ ይላል፣ እማማ።»

«ጮክ በል፤ ጆሮዬ ደከም ብሏል።»

ጆሯቸው ምንም አልሆነም ነበር። ኃይለጊዮርጊስ ጮክ ብሎ አነበበው፤ እሳቸውም ማኅተሙ እስኪያርፍበት ድረስ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆዩ።