የደምሰው ግንዶች

ጓድ መኩሪያ ንግግሩን የጀመረው ንፍሮው ድንኳኑን ዞሮ ሳይጨርስ ነው። ለቅሶ የመጣ ሰው እግዜር ያጥናችሁ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እሱ ግን የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ አይደል፣ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ፣ ካኪ ኮቱን ቁልቁል ጎተት አድርጎ፣ ጓድ ደምሰው በምርት ዘመቻው ግንባር የወደቀ ታታሪ ላብ አደር እንደነበረ ይደሰኩር ገባ። ጨርሶ ሲቀመጥ ደግሞ አጠገቡ ወዳሉት ሽማግሌዎች ዘንበል ብሎ ሌላ ነገር ጨመረላቸው። ሰውየው ጎበዝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ጥንቃቄ ይጎድለው ነበር። የመኪና ማንሻውን ሳያስደግፍ ሥሩ ገባ፣ ወረደበት፣ በቃ።

ከሴቶቹ መሀል ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው አሰገደች ሰማችው። ባሏ ከተቀበረ ገና ማግስቱ ነው። ደምሰው? ሳያስደግፍ?

ሴቶቹ ደግሞ የራሳቸውን ይንሾካሾካሉ። ከቀብሩ ጀምሮ ደረቷን አልመታች፣ ፊቷን አልነጨች፣ አንድ ዘለላ እንባ አላወጣች። ደንግጣ ነው አለች አንዷ። ድሮም ደረቅ ናት አለች ሌላዋ። ጎረቤቷ ቀመሪያ ብቻ ጀርባዋን ታሻሻታለች። አሰገደች ማልቀስ ጠልታ አልነበረም፤ ንዴቱ እንባውን አላሳልፍ ብሏት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ታለቅሳለች። ባሏን ገድለው ሲያበቁ ጥፋቱ የራሱ ነው የሚሏትስ ምን ታድርግ?

ደምሰው እኮ ያልተደገፈ ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። ቆጡ ሥር ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ካገኛት ጎትቶ ያስነሳታል። ክረምት ላይ የቀመሪያ ግድግዳ ዘመም ሲል፣ ማንም ሳይጠራው፣ ዝናብ እየወረደበት ባላ አቁሞለት መጣ። ቀመሪያ ትስቅበት ነበር፤ ደምሴ ሰማዩም የዘመመ ከመሰለው ባላ ይፈልግለታል እያለች።

ይሄን ጠባይ ያመጣው ከጋራዡ ነው። ጋራዡ ከብስራተ ገብርኤል ቁልቁል ሲወርዱ ያለ፣ መንግሥት ከመውረሱ በፊት የአንድ ጣሊያን የነበረ ነው። ማንሻውም የጣሊያኑ ነው፤ አራት እግር ያለው፣ መኪናውን ከነጎማው ተሸክሞ በዘይት ግፊት ሽቅብ የሚያወጣ። በየእግሩ ላይ የብረት ጥርስ ነበረው። መኪናው ከወጣ በኋላ ትንሽ ዝቅ ይደረግና ጥርሶቹ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወዲያ ዘይቱ ሙልጭ ብሎ ቢፈስስ እንኳ ንቅንቅ የለም። ጣሊያኑ፣ ጥርሱ ላይ ሳያሳርፍ የገባ ሠራተኛ ካየ በእግሩ ረግጦ ያስወጣ ነበር። ክፉ ሰው ነበር፤ በዚህ በዚህ ግን ደምሰው ስሙን በደግ ያነሳዋል።

ከውርሱ ወዲህ ጥርሶቹ ተራ በተራ ተሰበሩ። ዘይቱም ማንጠባጠብ ጀመረ። ደምሰው በየስብሰባው እጁን አውጥቶ ይሠራልን ይላል፤ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል ይባላል። ደግሞ ሲጠይቅ ጓድ መኩሪያ፣ አብዮቱ በጥርስ አይደለም የቆመው ብሎ አሳቀበት። አሁንም ሲጠይቅ "የምርት እንቅፋት" የሚል ስም ወጣለት። በዚያ ዘመን ይሄ ስም ሰውን የት እንደሚያደርስ የማያውቅ የለም። ደምሰው አፉን ዘጋ። ቤቱ መጥቶ ግን ከጓሮው ወፍራሙን ባሕር ዛፍ ጣለ። መጋዙን በወዲያኛው በኩል ይዛ የሳበችው አሰገደች ናት። ቁመታቸው ደረት የሚደርስ አራት ግንዶች ወጡት። ማንም ለማገዶ እንዳይፈልጣቸው ብሎ የእያንዳንዳቸው ወገብ ላይ በጋለ ብረት ክብ ምልክት ተኮሰባቸው።

ከዚያ በኋላ አሠራሩ አንድ ነው። መኪናው ይወጣል፣ ግንዶቹ በአራቱም ማዕዘን ይቆማሉ፣ ማንሻው እነሱ ላይ እስኪያርፍ ዝቅ ይላል። ደምሰው እየዞረ እያንዳንዱን ግንድ በመዳፉ ቸብ ያደርገዋል። የሚወላገድ ካለ አውጥቶ እንደገና ያቆመዋል እንጂ አይገባም። የአሰገደችን ታናሽ ወንድም አምሐን እዚያው ሲያስቀጥረውም መጀመሪያ ያስተማረው መፍቻ አያያዝ አልነበረም፤ ቸብ ሳታደርግ እንዳትገባ ነው ያለው። እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ሳያስደግፍ ገባ የሚባለው! አፋቸውን አያምም?

ከሰዓት በኋላ የአንድ ሽማግሌ ከዘራ አምልጧቸው አግዳሚው ሥር ገባ። አሰገደች ፊቷን ልትታጠብ ተነስታ በዚያ ስታልፍ ነበርና ልታነሳላቸው ጎንበስ አለች። እንደጎነበሰች ቀረች። አግዳሚው ረጅም ሳንቃ ነው፤ ሳንቃውን የተሸከሙት ከጉልበት ትንሽ የሚያልፉ ጉማጆች ናቸው። የቅርቡ ጉማጅ አፋፍ ላይ፣ ልክ ከሳንቃው ሥር፣ የተተኮሰ ግማሽ ክብ አለ። ወደሚቀጥለው ተመለከተች። እሱም ላይ ግማሽ ክብ አለ። ያደፉበት ግሪስ እንኳ አልለቀቀም። ጓድ መኩሪያ እላዩ ላይ እግሩን አነባብሮ ሲጋራውን ያጨሳል።

ከዘራውን ለባለቤቱ ሰጥታ አምሐን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራችው።

"ይሄ አግዳሚ ከየት መጣ?"

"እድሩ ነው ከቀበሌ የተዋሰው፣ እትዬ።"

"ቀበሌስ ከየት አመጣው?"

አምሐ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። እሷም አልለቀቀችውም፤ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። ቀስ እያለ አወጣው። የቀበሌው የውይይት ክበብ ሊመረቅ መቀመጫ ጠፋ። ጓድ መኩሪያ እኔ አለሁ አለና፣ ደምሰው በሌለበት እሑድ የደምሰውን ግንዶች ለሁለት ለሁለት አስመግዞ ከነሳንቃው ላከላቸው። ተጨበጨበለትም። ሰኞ ጠዋት ደምሰው ሲገባ ግንድ የለም፤ ማንሻው ላይ ግን ለሰልፍ የሚፈለግ ላንድሮቨር ተሰቅሎ ይጠብቃል። ሌላ ግንድ ቆርጬ እስክመጣ አልገባም አለ። ጓድ መኩሪያም ደምሰውን ትቶ ወደ አምሐ ዞረ፤ በል አንተ ግባ አለው።

"አንተስ?"

"ልገባ ነበር። ምን ምርጫ አለኝ?" ድምፁ ተሰበረ። "ጋሼ ደምሰው በኮሌታዬ ይዘው ወደ ኋላ ወረወሩኝ። አንድ ቡሎን አጥብቄ እወጣለሁ ብለው እሳቸው ገቡ።"

አሰገደች ክንዱን ለቀቀችው። የጣቶቿ ምልክት ቀርቶበታል። እሱ ግን ገና አልጨረሰም። ላንድሮቨሩ ተቃንቶ እንደገና ሊሰቀል ነው፣ ማንሻው ዘይት ተሞልቶለታል፣ ነገ ከሠልስት መልስ እሱ ሥሩ እንዲገባ ታዟል።

"ግንድስ?"

"ግንድ የለም።"

ተመልሳ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ጓድ መኩሪያ ፊት ሄዳ ቆመች።

"ተነሥ" አለችው።

ምን ሆንሽ እህቴ አላት፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

"የተቀመጥከው የባሌ ግንድ ላይ ነው። ከማንሻው ሥር ወስደህ ያስመገዝከው ግንድ ላይ። ተነሥና ለእነዚህ ሰዎች አሳያቸው፣ ከዚያ ሳያስደግፍ ገባ በላቸው።"

ጓድ መኩሪያ ተነሣ። ለሽማግሌዎቹ፣ ሀዘን ሰውን ብዙ ያናግራል፣ ዛሬ ይታለፋል፣ ከበስተጀርባዋ ያለ ሰው ካለ ግን ይጣራል ብሏቸው፣ ቆቡን አጥልቆ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። ሁሉም ልጅ አለው፣ ሁሉም ቤት አለው፣ ቀበሌው ደግሞ እዚያው ነው። ብቻ አንደኛው ሽማግሌ ቀስ ብለው ከአግዳሚው ተነሥተው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ሌላውም ተከተሉ። ሲመሽ ያ ሁሉ ለቀስተኛ መሬት ላይ ነበር፤ አግዳሚዎቹ ባዶአቸውን ቀሩ።

በማግስቱ ሠልስቱ ብስራተ ገብርኤል ወጥቶ፣ ለቀስተኛው ወደ ቤት ሲመለስ፣ አሰገደች መገንጠያው ላይ ስትደርስ ወደ ጋራዡ ታጠፈች። ሀዘንተኛ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ እንጂ ወዴት ትሄዳለች? ሴቶቹ ቆመው ተያዩ። መጀመሪያ የተከተለቻት ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ስትጠብቃቸው የነበረችው ቀመሪያ ናት። ከዚያ ሌሎቹም ነጠላቸውን እያጣፉ ተከተሉ። የተዋሱትን አግዳሚ ለቀበሌ ሊመልሱ የወጡት አምሐና ጎረምሶቹም ጉማጆቹን በትከሻቸው እንደተሸከሙ ከኋላ ደረሱ።

ማንሻው ወርዶ ባዶውን ነበር። ላንድሮቨሩ ሊወጣበት ሞተሩ ተነሥቶ፣ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። አሰገደች ቀጥ ብላ ሄዳ የማንሻው የብረት ንጣፍ ላይ፣ ዘይት ያደፈበት ላይ፣ ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ቀመሪያ አጠገቧ ተቀመጠች። ሌሎቹ ሴቶች ማዶና ማዶውን ሞሉት። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ሞተሩን አጠፋ።

ጓድ መኩሪያ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። ውረዱ አላቸው። የመንግሥት ንብረት ነው፣ ይሄ አድማ ነው፣ አብዮት ጥበቃ እጠራለሁ አላቸው።

"ጥራ" አለችው አሰገደች። "ሀዘኔን የምቀመጠው እዚህ ነው። ጥርሱ ተሠርቶ እስኪገባለት ማንም ሥሩ አይገባም። ወንድሜን የምታስገባ ከሆነ መጀመሪያ መኪናውን በእኔ ላይ ንዳው።"

አምሐ ከሴቶቹ ፊት መጥቶ ቆመ። እኔም አልገባም አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን ሁሉም ሰምቶታል። መካኒኮቹ አንዱ ሌላውን አይቶ መፍቻቸውን መሬት ላይ ያስቀምጡ ጀመር። ጓድ መኩሪያ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸውና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አሰገደች ጉማጆቹን አምጡልኝ አለች። አንዱን መሬቱ ላይ አቆመችው፣ ሌላውን አንሥታ እላዩ ላይ ጫነችው። አልገጠመም። አወረደችውና ሌላ ጫነች። አዙራ አዙራ ግማሹ ክብ ከግማሹ ጋር ሲገናኝ እጇን አነሣች። በተከፈተው የቢሮ በር የስልኩ ቁጥር ሲዞር ይሰማል። ግንዱን በመዳፏ ቸብ አደረገችው። ተወላገደ። በሌላ እጇ ደግፋ ደገመችው፤ ያኔ ግንባሯን አናቱ ላይ ደፍታ፣ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።