ሮጦ የተመለሰው

በአንዲት የባሕር ጠረፍ ከተማ ከፓርሜኖን የተሻለ ክራር መቺ አልነበረም፤ ከእሱ የባሰ ተዋጊም አልነበረም። ጦር ይዞ በዘመተ ቁጥር ከኋለኛው ረድፍ አያልፍም፤ ይህንንም አይደብቅም። ሉሳንድሮስ በወደቀበት ቀን ግን ኋላ መቅረቱ ጠቅሞታል። ለመርከቦቹ ቀርቦ ስለነበር የወጣቱን አሟሟት ከሁሉ አጥርቶ ያየው እሱ ነበር።

ሉሳንድሮስ የከተማይቱ ገዥ የዴክሲዮስ ታናሽ ወንድም ነው። አስከሬኑ ተቃጥሎ አጥንቱ ከባሕሩ በላይ በተከመረው ጉብታ ሥር ባረፈ ማግስት፣ ገዥው በሬ አርዶ ሕዝቡን ለግብር ጠራ። ፓርሜኖንን ግን አስቀድሞ ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ስማኝ፤ አሥር ሰው ገደለ በል። ለጠላት ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም በል።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ።»

«ከኋላ ሆነህ ምን ታያለህ? ይልቅ እንዳልኩህ አድርግ!»

ፓርሜኖን አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ፣ የሟች እናት ቲማሬቴ ፀጉሯን ተላጭታ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት። ክንዱን ያዘችው።

«ሲሞት ያየኸው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያው የኔን ልጅ ዝፈንልኝ። የሌላ ሴት ልጅ እንዳታመጣብኝ፤ አደራ።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፓርሜኖን ክራሩን ቃኘና ጀመረ። የመርከቦቹን ጉዞ፣ የጋሻውን ግጭት፣ የረድፋቸውን መፍረስ ዘፈነ። ከዚያ ትንፋሹን ሳበና «ሉሳንድሮስም ሮጠ» አለ።

የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ። ዴክሲዮስ ዘሎ ተነሣና ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ጦር አነሣ። የፓርሜኖን ጣቶች ግን ጅማቱን አልለቀቁም።

ዘፈኑም ቀጠለ፦ ሉሳንድሮስ ሮጦ ባሕሩ ዳር ደረሰ፤ የመርከቧ ገመድ ተፈትቷል፤ እጃቸውን ዘርግተው የሚጎትቱት ሰዎችም አሉ። ዞር ሲል ከጎኑ ተሰልፎ የነበረው ፊሊስኮስ ጭኑን ተወግቶ አሸዋው ላይ ወድቋል። የጠራው የለም። ቢሳፈር የሚወቅሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሸሽቷልና። እሱ ግን መርከቧን አየ፤ ጓደኛውን አየ፤ ጋሻውን አስተካክሎ ተመለሰ። ከወደቀው በላይ እግሩን አንፈራጦ ቆመ። ሁለት ጠላት ጣለ፤ አሥር አይደለም። ጦሩ ሲሰበር በሰይፍ፣ ሰይፉ ሲወድቅ በጋሻው ጠርዝ ተዋጋ። ሲወድቅም በጓደኛው ላይ ነው የወደቀው። ጠላቶቹ የሁለቱንም ሬሳ ትጥቅ ለመግፈፍ ጎንበስ ሲሉ፣ ሽማግሌ አለቃቸው «ተዉ! እንዲህ ያለውን ሰው አንነካም» ብሎ ከለከላቸው።

ክራሩ ዝም አለ። ገዥው ጦሩን እንደጨበጠ ነው።

ያኔ ከበሩ አጠገብ አንድ የወይራ ገበሬ ተነሣ፤ የፊሊስኮስ አባት ኦናሲሞስ ነው። በገዥው ቤት አፉን ከፍቶ አያውቅም።

«ጌታዬ፣ የልጄ ሬሳ የብረት ጥሩሩን እንደለበሰ፣ ፊቱ ሳይነካ ነው የገባልኝ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። ፍርሃት የማያውቅ ሰው ቆመለት ብትሉኝ ምን ይደንቀኛል? ድንጋይም ይቆማል። ይሄ ግን መኖር የሚወድ ልጅ ነበር። ነፍሱን አትርፎ ሲያበቃ ለእኔ ልጅ ሲል ሰጣት!»

ቲማሬቴ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች፤ ሁለቱም አለቀሱ። የገዥ እናትና የወይራ ገበሬ እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያየ አልነበረም።

ዴክሲዮስ ጦሩን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ መለሰ። ወደ ፓርሜኖን ዞሮ «ሲመለስ... እየሮጠ ነበር?» አለ።

«የለም ጌታዬ፤ እየተራመደ ነው የተመለሰው።»

ገዥው ፊቱን በመጎናጸፊያው ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየ፤ ማንም ግን ዓይኑን አልሰበረም። ከዚያ በራሱ እጅ ጽዋ ሞልቶ ለፓርሜኖን አቀበለው።

«ድገመው» አለ። «ከሮጠበት ጀምረህ።»